የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ህድሞ፣ ጎጆና ምሽግ ለጠረጴዛ ላይ ጦርነት

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ በእጅ ስለሚሠሩ ሞዴል ቤቶች ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የሚሠሩት ለ1888 ዓ.ም. ዘመቻ፣ ለመቀሌ ምሽግ ከበባና ለዓድዋ ስለሆነ ምሳሌዎቻችንም በዚያው ዙሪያ ናቸው። ሌላ መጠን ካልጠቀስን ልኮቹ ሁሉ ለ28 ሚሊ ምስሎች ናቸው። «ኮላ» ስንል ነጩን የእንጨት ኮላ ማለታችን ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ «መጠኑ 1 ለ 56 ነው ተብዬ አንድ ህድሞ፣ ያንን የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣሪያ ያለውን ቤት፣ በዚያው ልክ አሳንሼ ሠራሁ። ወታደሩ በበሩ አይገባም፤ አጠገቡ ሲቆምም ቤቱ ለእሱ የተሠራ አይመስልም። ስሌቴ የት ላይ ተሳሳተ?»

ስሌትዎ ትክክል ነው። 1 ሜትር ከ70 የሆነ በር ለ56 ሲካፈል 30 ሚሊ ይሆናል። የተሳሳተው ምስሉን እንደ ትክክለኛ ሰው መቁጠርዎ ነው። 28 ሚሊ የሚባለው ከእግር እስከ ዓይን ያለው ቁመት ነው። ከዓይኑ በላይ ግንባርና ጎፈሬ ወይም ቆብ አለ፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ 3 ሚሊ የሚወፍር መቆሚያ አለ። ሲደመር 35 ሚሊ ይጠጋል። በዚያ ላይ ምስሎቹ በጠረጴዛ ርቀት እንዲለዩ ራሳቸው፣ እጃቸውና ጠመንጃቸው ሆን ተብሎ ወፈር ተደርጎ ነው የሚቀረጸው። ስለዚህ የቤቱን መሬት የሚነካ ሁሉ፣ በርም ሆነ መስኮት ወይም አጥር፣ የሚለካው ከምስሉ ነው። በሩን 38 እስከ 40 ሚሊ ያስረዝሙት፤ ወርዱ 22 ሚሊ ይሁን። መቆሚያው 25 ሚሊ ነውና በሩን 27 ላድርገው አይበሉ፤ በእውኑ ዓለም ያ አንድ ሜትር ተኩል ወርድ ያለው የመጋዘን በር ይሆናል። ምስሉን ጣሪያውን አንሥተው ያስገቡታል። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ 20 ሚሊ ከፍ ይበል፤ ያኔ የሚተኩሰው ወታደር አፈሙዙ ከደፉ በላይ ይወጣል።

የቤቱ ርዝመትና ወርድ ግን በተቃራኒው ማነስ አለበት። በብዙ የጨዋታ ሕጎች የጠመንጃ ተኩስ 60 ሴንቲ ገደማ ይደርሳል። ይህ በ1 ለ 56 ሲባዛ 33 ሜትር ብቻ ነው፤ የጣሊያኖቹ ቬተርሊ ግን በመቶዎች ሜትር ርቀት የሚመታ ጠመንጃ ነበር። መሬቱ አስቀድሞ ታጥፏል ማለት ነው። ቤቱን በሙሉ ርዝመቱ ካስቀመጡት አንድ ግቢ ሸለቆውን ይሞላዋል። ርዝመትና ወርድ ላይ ከአምስት አንድ እጅ ይቀንሱ፤ ቁመቱን አይንኩ። ለ1 ለ 72 የላስቲክ ምስሎች በሩ 30 በ17 ሚሊ፣ ለ15 ሚሊ ምስሎች ደግሞ 20 በ12 ሚሊ ይበቃል።

ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ፦ «በውጭ ቪዲዮዎች የሚታየውን ሰማያዊና ሮዝ ፎም ማግኘት አልቻልኩም። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጩ ፎም አይሆንም ወይ?»

ለውስጥ አካል ይሆናል፣ ለገጽ አይሆንም። ነጩ ፎም የተነፉ ፍሬዎች እርስ በርስ ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ ድንጋይ ልቅረጽበት ሲሉ ፍሬ ፍሬው ይነቀላል። ሰማያዊው ወይም ሮዙ ኤክስፒኤስ የሚባለው በመሣሪያ ተገፍቶ እንደ አንድ ወጥ የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ የእርሳስ ጫፍ እንኳ ጥርት ያለ መስመር ይተውበታል።

ነጩን ፎም በጋለ ሽቦ ወይም አዲስ ምላጭ ባለው ካተር ይቁረጡት፤ የደነዘ ምላጭ ይቦጭቀዋል። በጋለ ሽቦ ሲቆርጡ መስኮት ይክፈቱ፤ ጭሱ አይተነፈስም። ከዚያ ገጹን በእንቁላል ትሪ ካርቶን ያልብሱት። ትሪውን ጠፍጣፋ ጠፍጣፋው ላይ ቀድደው ከ4 እስከ 7 ሚሊ ርዝመት፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ከፍታ ባላቸው ቁርጥራጮች ይቁረጡት፤ በእውኑ ዓለም ከ20 እስከ 40 ሴንቲ የሚረዝም ድንጋይ ማለት ነው። ማዕዘኖቻቸውን በጥፍርዎ ያድቡሉ፤ ከታች ማዕዘን ጀምረው ግማሽ ሚሊ ክፍተት እየተዉ በኮላ ይደርድሩ። የትሪው ሸካራነት ቀለም ሲቀባ ከተቀረጸ ፎም የበለጠ ድንጋይ ይመስላል፤ ኤክስፒኤስ እያላቸውም ይህን የሚመርጡ ሠሪዎች አሉ፤ እኛም ከእነሱ ጋር ነን። ዋጋው ጊዜ ነው፦ 110 በ75 ሚሊ የሆነ ቤት 55 ሚሊ ከፍታ ካለው ወደ 800 ድንጋይ ይፈጃል።

ከመቀሌ፦ «የህድሞ አሠራር ደረጃ በደረጃ ብታስረዱኝ። በተለይ ጣሪያው ተነሺ እንዲሆን እፈልጋለሁ።»

ህድሞ ጥሩ ሞዴል የሚሆነው በእውን በተሠራበት ቅደም ተከተል ሲሠራ ነው፤ መጀመሪያ ግድግዳ፣ ቀጥሎ ተሸካሚ እንጨት፣ ቀጥሎ ርብራብ፣ በመጨረሻ አፈር። ይህን የዘለለ ሠሪ መጨረሻ ላይ ሳጥን ነው የሚቀረው።

ግድግዳውን ከ10 ሚሊ ኤክስፒኤስ ይቁረጡ። ይህ ውፍረት በልኩ 56 ሴንቲ ስለሆነ ለህድሞ ወፍራም ግድግዳ ትክክለኛው ነው። 5 ሚሊ ፎም ቦርድ 28 ሴንቲ ብቻ ስለሚመጣ የመስኮቱ ጥልቀት ይጠፋና ቤቱ የብሎኬት ይመስላል። ሁለት ረጃጅም ግድግዳዎች 110 በ55፣ ሁለት አጫጭሮች 55 በ55 ሚሊ ይቁረጡ፤ አጫጭሮቹ በረጃጅሞቹ መካከል ይገባሉ። የውስጡ ወለል 90 በ55 ይሆናል፤ 25 ሚሊ መቆሚያ ያላቸው ስድስት ምስሎች ይይዛል። በሩንና አንድ ሁለት ትንንሽ መስኮቶችን ከመገጣጠሙ በፊት ይክፈቱ። መስኮት አያብዙ።

ድንጋዩን ከመቅረጽዎ በፊት አራቱን ግድግዳ ያጣብቁ፤ ከዚያ በማዕዘኑ ላይ መስመሩን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ያሻግሩ። ለየብቻ የተቀረጸ ግድግዳ ሲገጣጠም በማዕዘኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ስንጥቅ ያሳያል፤ ያንን ስንጥቅ ቀለም አይሰውረውም። ማዕዘን ላይ ትልልቆቹን ድንጋዮች፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊ፣ አንዱን ረጅሙን ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ወደ ግራ እያደረጉ ያቆላልፉ። ግንበኛ እንዲህ የሚያደርገው ማዕዘኑ እንዳይከፈት ነው። በመሐል ደግሞ የላይኛው ድንጋይ መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ጋር በአንድ መስመር አይዋል። መስመሩን መጀመሪያ በካተር አንድ ሚሊ ጥልቀት ይጫሩ፣ ከዚያ በእስኪርቢቶ ያስፉት። በካተር ሳይጭሩ በእስኪርቢቶ ብቻ ከሄዱ ፎሙ ይጨማደዳል። ሲጨርሱ የተጨማደደ ፎይል አሎሎ አድርገው በገጹ ላይ እየተጫኑ ያንከባልሉ፤ ልስላሴው ይጠፋል። አንዳንድ ድንጋይ በጣትዎ ትንሽ ወደ ውስጥ ይግፉ።

በሩ ላይ ከቡና ማማሰያ እንጨት መቃንና ጉበን ይሥሩ። ጉበኑ በግራና በቀኝ ቢያንስ 5 ሚሊ ወደ ግድግዳው ይግባ። ከበሩ ስፋት ጋር እኩል የተቆረጠ ጉበን ከላይ ያለውን ድንጋይ የሚሸከም አይመስልም፤ ዓይን ምክንያቱን ሳያውቅ እንኳ ይህን ያያል። አንድ ነገር አክለን እንንገርዎ፦ ከግድግዳ የሚወጡትን ክብ የእንጨት ጫፎች፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉትን፣ በገበሬ ህድሞ ላይ አያድርጉ። እነሱ ደብረ ዳሞን በመሰሉ የአክሱማውያን ስልት ሕንፃዎች ውስጥ በግድግዳ ርዝመት የተጋደሙ እንጨቶችን በአግድም የሚያስሩ ማሰሪያዎች ናቸው፤ የተጋደመ እንጨት በሌለበት የሚያስሩት የላቸውም።

ለጣሪያው በውስጥ ግድግዳ ዙሪያ፣ ከወለሉ 44 ሚሊ ከፍታ ላይ፣ 4 በ4 ሚሊ የእንጨት ዘንግ እንደ እርከን ያጣብቁ። 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ካርቶን 88 በ53 አድርገው ይቁረጡ፤ በየጎኑ አንድ ሚሊ ክፍተት ይተዉለታል። ይህ ክፍተት ያስፈልጋል፤ ቀለምና ኮላ ሲጨመርበት ይሞላል፣ ካልተዉት ጣሪያው ተነክሶ ይቀራል። ከካርቶኑ ሥር 3 ሚሊ የሆኑ የቀርከሃ እንጨቶች፣ ሥጋ የሚጠበስባቸውን ዓይነት፣ በወርዱ በየ12 ሚሊው ያጣብቁ፤ ጫፋቸው እርከኑን እንዳይነካ ከካርቶኑ በየጎኑ 5 ሚሊ አጠር ይበሉ። ከላይ ስቱኮ፣ የተነፋ አሸዋና ኮላ ቀላቅለው 2 ሚሊ ያህል ይለጥፉ፤ ወደ አንድ ጎን በጣም ጥቂት ያጋድል፣ ውሃው የሚወርድበት። በዚያ በኩል በግድግዳው ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ፈልፍለው ከግማሽ የተሰነጠቀ እንጨት አሸንዳ ያውጡ። ግድግዳው ከጣሪያው ጥቂት ሚሊ ከፍ ብሎ ስለሚቀር መጋጠሚያው አይታይም፤ ጣሪያ ላይ የሚወጡ ተኳሾችም አይንሸራተቱም። ማንሻ እንዲሆንዎ አንድ እንስራ ወይም የማገዶ ክምር ጣሪያው ላይ በደንብ ያጣብቁ።

ከሐዋሳ፦ «ግድግዳዎቹን በማስቲሽ አጣብቄ በጥቁር ስፕሬይ ስቀባቸው ፎሙ ተበላ። ቀለሙ የተበላሸ ይሆን?»

ቀለሙ ደህና ነው። በስፕሬዩም በማስቲሹም ውስጥ ያለው ማሟሟቻ ፎሙን ያቀልጠዋል። ሱፐር ግሉም በባዶ ፎም ላይ ጉድጓድ ሊያወጣ ይችላል። ፎም ለፎም በኮላ ያጣብቁ፣ እስኪደርቅም በመርፌ ወይም በስቴኪኒ ወግተው ያቁሙት። ሰፊ የፎም ገጾችን ደርበው ሲያጣብቁ ግን ውሃው የሚወጣበት ስለሌለ ኮላው መሐል ላይ ለቀናት እርጥብ ይቆያል፤ ስለዚህ በነጥብ በነጥብ ያድርጉና አየር ይተዉለት። ከመቀባትዎ በፊት ጥቁር አክሪሊክ ቀለምና ኮላ እኩል ለእኩል፣ ጠብታ ውሃ ጨምረው፣ ሁለት ጊዜ በብሩሽ ይለቅልቁት። የመስኮት ጠርዞችና የግድግዳ ጫፎች ናቸው የሚረሱት፤ ስፕሬይም የሚበላው እዚያ ነው። በቫርኒሽ ሲጨርሱም በውሃ የሚቀጥነውን ይምረጡ።

ከቴል አቪቭ፦ «የካርቶን ግድግዳዎቼ ኮላና አሸዋ ከቀባኋቸው በኋላ እንደ ቀስት ይጎብጣሉ። መቆሚያውም ጠርዙ ይነሣል።»

እርጥብ ኮላ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የተቀባውን ገጽ ይስበዋል፣ ያልተቀባው ደግሞ አይታገለውም። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ገጽ ይቀቡ፤ ጀርባው ላይ አሸዋ ባይኖርም ኮላው ይኑር። ግድግዳው ከ120 ሚሊ በላይ ከረዘመ በውስጡ መከፋፈያ ግድግዳ ያቁሙለት፤ ያ ደግሞ ቤቱን ሁለት ክፍል ያደርግልዎታል። ለመቆሚያው ካርቶን ይተዉና 3 ሚሊ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ይጠቀሙ፤ ጠርዙን በ45 ዲግሪ በብርጭቆ ወረቀት ካሞረዱ በኋላ አፈርና አሸዋ ከመልበሱ በፊት ጠርዙንና ሥሩን በቫርኒሽ ወይም በቀጠነ ኮላ ይድፈኑት። የጎበጠውን ለማዳን ጀርባውን በውሃ በስሱ አርጥበው በመጽሐፍ ሥር አንድ ቀን ያሳድሩት። አንዳንዱ ይመለሳል፣ ሁሉም አይመለስም።

ከባሕር ዳር፦ «የጎጆ ክዳን ከእውነተኛ ሣር ሞክሬ ነበር። እንደ ጎጆ ሳይሆን እንደ መጥረጊያ ሆነ።»

ሣሩ ስለወፈረ ነው። 2 ሚሊ የሆነ የሰንበሌጥ አገዳ በዚህ መጠን ከ11 ሴንቲ በላይ ውፍረት አለው፤ የማገር እንጨት እንጂ ሣር አይሆንም። ቃጫ ይጠቀሙ። መጀመሪያ ግን ሾጣጣውን በትክክል ያውጡ፣ ብዙው ብልሽት እዚያ ይጀምራልና።

የጎጆው ግድግዳ ውጫዊ ስፋት 90 ሚሊ ይሁን፤ ይህ በልኩ 5 ሜትር ነው። የግድግዳው ጥቅል ካርቶን ርዝመት 283 ሚሊ፣ ለመደራረቢያ ደግሞ 10 ሚሊ ይጨምሩ። የጭቃ ግድግዳ ከድንጋይ ግድግዳ ስለሚቀጥን 3 ሚሊ ይበቃዋል። ክዳኑ በየጎኑ 10 ሚሊ ይውጣ፤ ያኔ የክዳኑ ግማሽ ስፋት 55 ሚሊ ይሆናል። በ45 ዲግሪ ከወረደ ከጉልላት እስከ ጠርዝ 78 ሚሊ ይረዝማል። እንግዲህ በ1 ሚሊ ካርቶን ላይ በኮምፓስ 78 ሚሊ ከፍተው ክብ ይሥሩ፤ ከ360 ዲግሪው 255ቱን ያስቀሩ፣ 105ቱን ቆርጠው ያውጡ፣ ለማጣበቂያ 10 ሚሊ ምላስ ይተዉ። ስፋቱ ምንም ቢሆን ክዳኑ በ45 ዲግሪ እስከወረደ ድረስ 255 ዲግሪው አይለወጥም። ዝናብ በሚበዛበት አገር ያለ ጎጆ ከዚህ ቢጠፈጠፍ ሣሩ ውሃ አያስወርድም፤ ከዚህ ቢሾጥ እንጂ ባያንስ ይመረጣል።

በሾጣጣው ላይ በየ8 ሚሊው ክብ መስመር ያስምሩ። ቃጫውን 25 ሚሊ እየቆረጡ ከታች ይጀምሩ፤ የመጀመሪያው ተርታ ከጠርዙ 3 ሚሊ ይውጣ። ወፈር ያለ ኮላ ቀብተው በትንንሽ እስር ያስቀምጡ፣ በጥርስ ብሩሽ ወደ ታች ያበጥሩ፣ ሁለት ተርታ በሠሩ ቁጥር ኮላው እስኪይዝ ይጠብቁ። ካልጠበቁ የላይኛው ተርታ የታችኛውን ይዞት ይንሸራተታል። አሥር ተርታ ገደማ ይሆናል። ሲደርቅ ጠርዙን በመቀስ ያስተካክሉ፣ ግን ጸጉር ቤት እንደወጣ አያድርጉት። ለመኖሪያ ጎጆ ጫፉ ላይ የተደፋ ገል ወይም እንስራ ያስቀምጡ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ መስቀል ያለበት ጉልላት ይገባል፤ በመስቀሉ ጫፎች ላይ የሰጎን እንቁላሎቹን ከነጭ ዶቃ ይሥሯቸው። የጎጆውን የመሐል ምሰሶ ወለሉ ላይ ሳይሆን ከክዳኑ ሥር ያጣብቁት፤ ክዳኑን መሐል ላይ ይይዝልዎታል።

በውጭ የሚኖሩ አንባቢዎች የአሻንጉሊት ድብ ጨርቅ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ጨርቁ ጸጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚተኛ በአንድ ቁራጭ ካለበሱት በክዳኑ ግማሽ ላይ ሣሩ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይበቅላል። በስድስት ሦስት ማዕዘን፣ እያንዳንዱ 42 ዲግሪ ተኩል፣ ጸጉሩ ወደ ጠርዝ እንዲወርድ አድርገው ይቁረጡ።

እውነተኛ የጤፍ ጭድ ለጭቃ ልስን ግን እናበረታታለን። በወንፊት ነፍተው ደቃቁን ከስቱኮ ጋር ያቀላቅሉ። ከመጠቀምዎ በፊት በ100 ዲግሪ ምድጃ ግማሽ ሰዓት ያድርቁት፤ ፍሬ የቀረበት ጭድ ነቀዝና አይጥ ይጠራል።

ከድሬዳዋ፦ «ለዓድዋ መንደር ቆርቆሮ ጣሪያ ብሠራ ስህተት ነው?»

ለ1888 የገጠር መንደር ስህተት ነው፤ ሣር ወይም አፈር ያልብሱት። ለ1928ቱ ጦርነት ከተማ ከሆነ ግን ይስማማል። ያኔ የማሸጊያ ካርቶን ሞገድ አይጠቀሙ፤ በጣም ሰፊ ነው። የቆርቆሮ ሞገድ በእውኑ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ስለሚሆን በዚህ መጠን 1.4 ሚሊ ይመጣል። የ8 ሚሊ ብሎን ጥርስ 1.25፣ የ10 ሚሊው 1.5 ሚሊ ርቀት አለው። ስስ የአልሙኒየም ሳህን 16 በ36 ሚሊ እየቆረጡ ለስላሳ ላስቲክ ላይ አስቀምጠው ብሎኑን በላዩ በኃይል ያንከባልሉ። ሉሆቹን አንድ ሞገድ እያደራረቡ ከታች ወደ ላይ ያጣብቁ።

ከለንደን፦ «ድንጋዮቼ ሁሉ ግራጫ ሆነው ሲታዩ የእንግሊዝ ገጠር ይመስላሉ። የትግራይን ድንጋይ እንዴት ልቀባ?»

አንድ «የትግራይ ድንጋይ» የለም፤ ቤት የሚሠራው አጠገቡ ካለው ድንጋይ ነው። በመቀሌ ዙሪያ ያለው የኖራ ድንጋይ ክሬምና ፈዛዛ ቢጫ ነው። በገረዓልታና በሐውዜን በኩል ቀይ አሸዋማ ድንጋይ ነው። በዓድዋ ተራሮች ደግሞ እሳተ ገሞራ የወለደው ጠቆር ያለ ግራጫና ቡናማ ይበዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ጨዋታዎ የት እንደሆነ ይወስኑ፤ ቤቱ፣ መሬቱና በምስሎቹ እግር ሥር ያለው አፈርም በዚያው ቀለም ይሁን። ይህን አንድ ማድረግ ከማንኛውም ጥቃቅን ማስጌጫ የበለጠ ውጤት ያመጣል።

ለመቀሌ ቤት በጥቁሩ ልቅላቂ ላይ ጥቁር ቡናማ ይቀቡ፣ ክፍተቶቹንም ይሙላ። ከዚያ ኦክር ቢጫን ከነጭ ጋር ሁለት ለአንድ ቀላቅለው፣ ብሩሹን በሶፍት አድርቀው፣ ድንጋዮቹን ብቻ ይዳብሱ። ከአሥር ድንጋይ አንዱን ሁለቱን ለየብቻ ይቀቡ፣ አንዱን ሞቅ ያለ፣ አንዱን ግራጫ ያለበት። ሲደርቅ አንድ እጅ ቡናማ ቀለም በአሥር እጅ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና በጥብጠው ያፍስሱበት፤ ሳሙናው ውሃው ነጥብ ሠርቶ እንዳይቀር ይረዳል። በመጨረሻ በክሬም ቀለም ጫፎቹን ብቻ እጅግ በስሱ ይዳብሱ። ከመሬት እስከ 8 ሚሊ ከፍታ የአፈሩን ቀለም በስፖንጅ ያስነኩ፤ ዝናብ ጭቃ የሚረጨው እስከዚያ ነው። ከበሩ በላይ ጥቁር የጭስ ጥላ ይጨምሩ።

ከፍራንክፈርት፦ «የመቀሌ ምሽግን ለመሥራት አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?»

ከውሃው። በዚያ ከበባ ምሽጉ የወደቀው ግድግዳው ተጥሶ አይደለም። ምንጩ ከምሽጉ ውጪ ነበርና በእቴጌ ጣይቱ ምክር ሲያዝ የምሽጉ ጣሊያናዊ አዛዥ ማጆር ጋሊያኖና ሰዎቹ በውሃ ጥም ተዳክመው በጥር 1888 ለቀው ወጡ። ምንጩን ከግድግዳው ውጪ፣ ከምሽጉ በጠመንጃ በሚደረስበት ርቀት ያስቀምጡ፤ ያለ እሱ ጨዋታው ስለ ሌላ ምሽግ ይሆናል።

ምሽጉ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። ኮረብታውን በ25 ሚሊ ኤክስፒኤስ ንብርብር ይሥሩ፤ ገደል የሚያስመስለውን ጎን ብቻ ያዳጡት፣ ሌላውን ምስል እንዲቆምበት በእርከን ይተዉት። ግድግዳውን ግን ከኮረብታው ጋር አያጣብቁ። 150 ሚሊ ርዝመት፣ 10 ሚሊ ውፍረት፣ 24 ሚሊ ከፍታ ያላቸው ተነቃይ ክፍሎች ያድርጉት፤ እያንዳንዱ 40 ሚሊ ወርድ ያለው ስስ መቆሚያ ይኑረው። 24 ሚሊ ያልነው ከጀርባው የቆመ ተኳሽ አፈሙዙ እንዲያልፍ ነው፤ 30 ካደረጉት ጥይቱን ግድግዳው ይበላዋል። ጫፎቹን ቀጥ አድርገው ሳይሆን በተሰባበረ ድንጋይ ቅርጽ ይጨርሷቸው፣ ሲገጣጠሙ መስመሩ እንዲጠፋ። ስምንት ቀጥ ያሉ ክፍሎች፣ ስድስት የማዕዘን ክፍሎችና አንድ በር ቢኖርዎ ከ120 በ180 ሴንቲ ጠረጴዛ መሐሉን ይይዛል። ቤተ ክርስቲያኑን ሲሠሩ ዛሬ የቆመውን ሕንፃ ሳይሆን የዘመኑን ሥዕልና ፎቶግራፍ ይከተሉ።

ከጎንደር፦ «የፋሲል ግንብን በ28 ሚሊ መሥራት ይቻላል?»

ይቻላል፣ ግን አንመክርም። የግንቡ ከፍታ 32 ሜትር እንደሆነ ይነገራል፤ በ1 ለ 56 ከ57 ሴንቲ ይበልጣል፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ተጫዋች ምስሎቹን አያይም። በ1 ለ 100 ሠላሳ ሁለት ሴንቲ ይሆናል፤ በ1 ለ 300 ደግሞ አሥር ሴንቲ ከግማሽ ገደማ። ለጨዋታ 1 ለ 300፣ ለማሳያ ደግሞ 1 ለ 100 ይሻላል። በ1 ለ 100 የአራቱን ማዕዘን ማማዎች ጉልላት ከ40 ሚሊ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ግማሽ ይሥሩ፤ ጫፋቸው እንቁላል መስሎ ስለሚሾጥ በስቱኮ ያሹሉት። በ28 ሚሊ የግድ ከፈለጉ የአጥሩን ግንብ ከነበሩ ብቻ ይውሰዱ።

ከዱባይ፦ «ለጦር ሰፈር ብዙ ድንኳን በአጭር ጊዜ እፈልጋለሁ።»

ከፎም ወይም ከሸክላ አንድ መቅረጫ ሾጣጣ ይሥሩና በስስ ላስቲክ ይጠቅልሉት። ሶፍትን ከድርቡ ለይተው በአንድ እጅ ኮላና በሁለት እጅ ውሃ እያራሱ ሦስት ጊዜ ያልብሱት፤ እጥፋቶቹን በብሩሽ ጫፍ ወደ ታች ያውርዱ። ሲደርቅ ከላስቲኩ ይላቀቃል፣ መቅረጫውም ለሚቀጥለው ይሆናል። ገመዱን ከሰም የተነካ ክር ያድርጉት፤ ያልተነካ ክር ጸጉር ያወጣል። በካርቶን ሲያሽጉ ድንኳኖቹን እርስ በርስ አይደራርቡ፤ በሙቀት ኮላው ይለሰልስና ይጣበቃሉ። በመካከላቸው የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ያድርጉ።